የሩቅ ጋላክሲዎችን ፎቶ ማንሳት

የሩቅ ጋላክሲን ፎቶ ማንሳት ከማጉላት ይልቅ ብርሃን የማጠራቀም ሥራ ነው። አንድሮሜዳ የተባለችው ጋላክሲ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ እንኳ ከሙሉ ጨረቃ ስድስት እጥፍ ገደማ ትሰፋለች፤ ጨለማ ሰማይ ላይ ግን ዓይን የሚያየው ደብዛዛ እምብርቷን ብቻ ነው። አማተሩ የሥነ ፈለክ ተመልካች አይዛክ ሮበርትስ በ1888 እ.ኤ.አ. ጠመዝማዛ ቅርጿን በፎቶ ያወጣው ለሰዓታት ብርሃን ሰብስቦ ነው።

ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን ትልቅ ቴሌስኮፕ ላይ ያፈሳል። ቅድሚያ የሚገባው ግን ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ሰማይን የሚከተለው ባለ ሞተር መቆሚያ ነው። ምድር ስለምትሽከረከር ኮከቦች በየሰከንዱ እስከ 15 አርክ ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) ይጓዛሉ፤ የመቆሚያው ዘንግ ሰማዩ ዙሪያውን የሚዞር ወደሚመስለው ነጥብ፣ ወደ ሰማይ ዋልታ፣ በትክክል ካላነጣጠረ ምስሉ ይሰመራል። የመቆሚያውን ማርሾች ጉድለት ደግሞ ሌላ ትንሽ ካሜራ አንድ ኮከብ እየጠበቀ በየጥቂት ሰከንዱ ያርማል። የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት (ከሌንሱ ወይም ከመስተዋቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለው ርቀት) ከ1000 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ይህ ካሜራ በዋናው ቴሌስኮፕ ውስጥ በፕሪዝም በኩል ቢያይ ይመረጣል፤ ለብቻው በተገጠመ ቱቦ ከሆነ ሁለቱ በክብደት የተለያየ መጠን ስለሚጎብጡ እርማቱ ይሳሳታል።

የካሜራው ብርሃን ተቀባይ (ሴንሰር) የተሠራባቸውን ነጥቦች፣ የፒክስሉን፣ ስፋት በማይክሮን ወስዶ በ206 ማባዛት፣ ከዚያም በሚሊ ሜትር ለተለካው የትኩረት ርቀት ማካፈል እያንዳንዱ ፒክስል ስንት አርክ ሰከንድ እንደሚሸፍን ይነግራል። 3.76 ማይክሮን ከ800 ሚሊ ሜትር ጋር 0.97 ይሰጣል። ከባቢ አየር ራሱ ኮከብን ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 አርክ ሰከንድ ስለሚያደበዝዝ፣ ከዚህ በጣም ማነስ ዝርዝር አይጨምርም።

ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ከ2 እስከ 5 ደቂቃ የሚቆዩ ብዙ ምስሎች ተነስተው በሶፍትዌር ይደራረባሉ። የምስሎቹ ቁጥር አራት እጥፍ ሲሆን ጥራቱ ከጫጫታው (ምስሉን ከሚያሻክሩት የዘፈቀደ ነጠብጣቦች) አንጻር እጥፍ ብቻ ስለሚያድግ፣ የጋላክሲው ደብዛዛ ክንዶች ስምንትና አሥር ሰዓት ይጠይቃሉ። በየምስሉ መካከል ቴሌስኮፑን ጥቂት ፒክስል ማንቀሳቀስ ቋሚ የሴንሰር ጉድለቶችን ያጠፋል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቱቦው ስለሚኮማተር ትኩረቱ በየሰዓቱ ገደማ ይፈተሽ፤ ጠል ሌንሱን እንዳይሸፍን ማሞቂያ ቀበቶ ይታሰርበት።

ክዳን ተዘግቶ በዚያው ሙቀትና ቆይታ የሚነሱ ምስሎች የሴንሰሩን ሙቀት ጫጫታ ይቀንሳሉ። በእኩል የበራ ነጭ ገጽ ሲነሳ የሚገኙት ደግሞ የአቧራን ጥላ ያስወግዳሉ፤ ካሜራው ከተፈታ በኋላ ከተነሱ ግን ጥላው ቦታውን ስለሚቀይር ይባስ ያበላሻሉ።

የከተማ ብርሃንን የሚያጣሩ ጠባብ ፊልተሮች ለጋላክሲ ብዙም አይጠቅሙም፤ ብርሃኑ በሁሉም ቀለማት የተበተነ የኮከብ ብርሃን ስለሆነ አብሮ ይቆረጣል። ወደ ጨለማ ቦታ መሄድ ይሻላል። በመጨረሻው ዝግጅት ላይም ዳራውን ፍጹም ጥቁር ማድረግ በሰዓታት የተሰበሰቡትን የክንዶች ጠርዞች ይሰርዛል፤ ዳራው ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይቆይ።