ፒልስ ልብ ይጎዳል የሚባለው ነገር እንዴት ነው?

ፒልስ (የእርግዝና መከላከያ እንክብል) ልብ ያሳምማል ሲባል ሰምታችኋል አይደል፣ እውነት አለው ግን ግማሹን ነው። ፒልስ ሁለት አይነት ነው፣ አንዱ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የሚባሉ ሆርሞኖች የተቀላቀሉበት፣ ሌላው ፕሮጀስቲን ብቻ ያለው፣ ጣጣው ያለው ኢስትሮጅኑ ላይ ነው ምክንያቱም ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን በብዛት እንዲያመርት ያደርገዋል፣ እግር ላይ የረጋ ደም ደግሞ ተነስቶ ሄዶ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። ቁጥሩ ግን እንደወሬው አይደለም፣ በዓመት ከ10,000 ሴቶች ደም የሚረጋባቸው ፒልስ ከማይወስዱት ከ1 እስከ 5፣ የተቀላቀለውን ከሚወስዱት ከ3 እስከ 9 ቢሆኑ ነው፣ እርግዝና ራሱ ከዚህ ይበልጣል (ይሄኛውን የሚያወራው የለም)።

ለጤነኛ የ17 ዓመት ልጅ ስትሮክና ሃርት አታክ በጣም ብርቅ ነው። ነርሷ መጀመሪያ ግፊት የምትለካው ለወግ እንዳይመስላችሁ፣ 140/90 እና ከዛ በላይ ከሆነ የተቀላቀለው አይመከርም። ራስ ምታት ሊነሳባት ሲል አይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚልባት ልጅ፣ ወይ ቤተሰቧ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው ያለ ከሆነ ሳይጠየቁ መናገር ነው፣ ፕሮጀስቲን ብቻ ያለው ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረው አለ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይ ደረት ከወጋ ግን ነገ ሳይሉ ሆስፒታል ነው።