የአዲስ አበባው «ጥቃቅን» ቢሮ ለሰፈር ሥራዎች ምን ያደርጋል?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወጣት «በጥቃቅን ተደራጅቻለሁ» ካለ ማብራሪያ የሚጠይቀው የለም፤ በጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዝ ማለቱ ነው። ይህን ሥራ የሚመራው ቢሮ በየጊዜው ሲደራጅና ሲፈርስ ስሙ ተቀያይሯል፤ አሁን የከተማዋ የሥራና ክህሎት ቢሮ ነው የሚባለው። ከላይ ቢሮው አለ፣ ከሥር የ11ዱ ክፍለ ከተሞች ጽሕፈት ቤቶች፣ ከዚያ ደግሞ የየወረዳው ጣቢያ። ሰው በትክክል የሚያውቀው ይሄን የመጨረሻውን ነው። ምዝገባው፣ ማደራጀቱ፣ የንግድ ፈቃዱ ጉዳይ፣ የብድር ጥያቄው፣ ሁሉም ከዚያ ይጀምራል። ሐሳቡ አንድ ሰው ከቢሮ ቢሮ ሳይንከራተት ጉዳዩን በአንድ ቦታ እንዲጨርስ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሀገር ደረጃ ነው። የመጀመሪያው የጥቃቅንና አነስተኛ ስትራቴጂ የወጣው በ1990 ዓ.ም. ሲሆን የፌዴራል ኤጀንሲውም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። በ2003 ዓ.ም. ስትራቴጂው ተከልሶ መለኪያ ወጣለት። ባለቤቱን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚያሠራ፣ ሀብቱ በኢንዱስትሪ ዘርፍ ከ100 ሺህ ብር፣ በአገልግሎት ደግሞ ከ50 ሺህ ብር የማይበልጥ ጥቃቅን ተባለ። ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራው ደግሞ አነስተኛ፤ የሀብቱ ጣሪያ በኢንዱስትሪ 1.5 ሚሊዮን፣ በአገልግሎት 500 ሺህ ብር። ከዚያም እያንዳንዱ ኢንተርፕራይዝ በሦስት ደረጃ ይመደባል፦ ምሥረታ፣ ዕድገት፣ መብቃት። ድጋፉም በደረጃው ልክ ይሰጣል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ቢሮውን ከብድር ጋር ብቻ ያያይዘዋል። እኔ ግን ትልቁ እርዳታ ብድሩ አይመስለኝም። ቦታና ገበያ ነው።

ቦታውን እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ የብየዳ ወይም የእንጨት ሥራ ለመክፈት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚያንቀው የቤት ኪራይ ነው። ድምፅ ስለሚያወጣ ጎረቤት አይወደውም፣ ሦስት ፌዝ መብራት ይፈልጋል፣ አከራዩም ሥራው መሟሟቅ ሲጀምር ኪራይ ይጨምራል። ከተማ አስተዳደሩ የሠራቸው ሼዶች፣ ማለትም የጋራ መሥሪያ ቦታዎች፣ ለዚህ ነው ትልቅ ነገር የሆኑት። ኪራያቸው ከገበያው በጣም ያነሰ ነው፣ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎችም ጎን ለጎን ይገባሉ፤ አንዱ ማሽን ሲበላሽበት ከአጠገቡ ይዋሳል፣ ትልቅ ትእዛዝ ሲመጣ ተካፍለው ይሠሩታል። ለሽመና ሥራ ደግሞ ባለብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። በጠባብ ጓዳ፣ በደብዛዛ ብርሃን ቁጭ ብሎ ሲሠራ ለኖረ የጉለሌና የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ ሰፊና ብርሃን ያለው ክፍል ማግኘት ራሱ የሥራውን ጥራት ይለውጠዋል።

ገበያውም እንደዚያው። በ1996 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ብሎኬቱን፣ ቅድመ ተገጣጣሚ ቢሙን፣ በርና መስኮቱን የሚያቀርቡት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ማኅበራት እንዲሆኑ ተደረገ። ብዙ የዛሬ ብረታ ብረትና እንጨት ቤቶች መነሻቸው ይሄ ነው። በኋላ ኮብልስቶን መጣ። ድንጋይ ፈላጩ፣ ጠራቢው፣ አንጣፊው ሁሉ ተደራጅቶ የሰፈር ለሰፈር መንገድ ሠራ። ቢሮው ይህን «የገበያ ትስስር» ይለዋል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወንበር፣ የደንብ ልብስ፣ የግንባታ ዕቃ ሲገዙ ወደነዚህ ማኅበራት እንዲያዩ ያደርጋል። የጨረታ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው አንዷን ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ አይቷታል፦ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ተጫራቾች በጨረታ ማስከበሪያ ምትክ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ ይችላሉ። ቀላል ነገር ትመስላለች። ግን ባንክ ውስጥ የሚያስይዘው ጥሬ ገንዘብ ለሌለው ማኅበር ጨረታው ውስጥ መግባትና አለመግባትን የምትወስን ናት። ባዛርም አለ፣ በተለይ በበዓል ሰሞን፤ ባዛር ግን ለጥቂት ቀን ይሸጣል እንጂ ቋሚ ደንበኛ ማምጣቱ ያጠራጥረኛል።

ብድሩ የሚመጣው በዋናነት በ1992 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከአዲስ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው። ተበዳሪው ቀድሞ መቆጠብ አለበት፤ የስትራቴጂው መርሕ 20 በመቶ ቁጠባ፣ 80 በመቶ ብድር ነው። ንብረት የሌለው በቡድን ዋስትና ይበደራል፣ ማለትም አባላቱ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናሉ። ይሄ በሚተማመን ቡድን ውስጥ ጥሩ ይሠራል። ለመደራጀት ሲባል ብቻ የተሰባሰቡ፣ ከዚያ በፊት ሰላምታ እንኳን የማይለዋወጡ ሰዎች ውስጥ ግን አንዱ ሲጠፋ ዕዳው ሌላው ላይ ያርፋል። ማሽን ለሚፈልግ የካፒታል ዕቃ ሊዝ አለ፤ ገንዘቡ እጅ ላይ ሳይገባ ማሽኑ ተገዝቶ ይሰጣል፣ እየሠሩ ይከፍላሉ።

ሥልጠናው በአብዛኛው በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች በኩል ነው፤ እንጦጦ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ ምሥራቅ የመሳሰሉት። ጥሩው ነገር አሠልጣኞቹ ሼድ ድረስ ይሄዳሉ። የሚሰጡት ድጋፍ አራት ነገር ላይ ነው፦ የሙያ ክህሎት፣ ኢንተርፕረነርሺፕ፣ ካይዘንና ቴክኖሎጂ። ከነዚህ ውስጥ ካይዘኑ፣ ማለትም ከጃፓን የመጣው የሥራ ማሻሻያ ዘዴ፣ ሲወራ ከባድ ይመስላል እንጂ ሼድ ውስጥ ሲተገበር ዕቃን በቦታው ማስቀመጥ፣ የማይጠቅመውን ማስወገድ፣ ብክነትን መቀነስ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም።

አስቸጋሪው ቦታ መጨረሻው ነው። አንድ ማኅበር ሼድ ውስጥ የሚቆየው እስከ 5 ዓመት ነው፣ ከዚያ ለተረኛው መልቀቅ አለበት። ውሳኔው ፍትሐዊ ነው፣ ወረፋ የሚጠብቅ ወጣት ብዙ ነው። ግን 12 ሠራተኛ ይዞ፣ ደንበኛ አፍርቶ፣ በድንገት የገበያ ኪራይ ውስጥ የሚገባ ድርጅት ሠራተኛ ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይዘጋል። ከአነስተኛ አልፎ ወደ መካከለኛ ኢንተርፕራይዝ የተሸጋገረው ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። ለአዲስ ብድርና ቁጠባ ትልቅ ሆኗል፣ ለንግድ ባንክ ግን ቤትና መኪና የሚያስይዝ ሰው አልሆነም። ስለዚህ አንዳንዱ ማደጉን ይፈራዋል፤ ወደ መካከለኛ እንዳይሸጋገር አባላት ይቀንሳል፣ ሀብቱን አሳንሶ ያስመዘግባል። የሼድ መልቀቂያው ጊዜ ከመድረሱ በፊት የመሥሪያ ቦታ በሊዝ የሚያገኙበት መንገድ በደንብ ቢሠራ፣ እነዚያ ሁሉ ዓመታት የፈሰሰባቸው ድጋፍ ባክኖ አይቀርም ነበር።

መደራጀት የሚፈልግ ሰው የወረዳውን የነዋሪነት መታወቂያ ይዞ፣ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሆኖ፣ ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ያልተደራጀ መሆኑን አረጋግጦ ወረዳው ላይ ሥራ ፈላጊ ሆኖ ይመዘገባል። ብቻውን መሥራት ይችላል፣ ከሌሎች ጋርም በኅብረት ሽርክና ወይም በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር መልክ መደራጀት ይችላል። አብሮ የሚደራጀውን ሰው ግን ወረዳው እንዲመርጥለት ባይጠብቅ ይሻላል፤ ከሚያውቃቸውና ሙያቸውን ካየላቸው ሰዎች ጋር ተስማምቶ፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ትርፉ እንዴት እንደሚከፈል፣ አንዱ ቢወጣ ድርሻው ምን እንደሚሆን በጽሑፍ አስቀምጦ ቢሄድ ግማሹን ጭቅጭቅ ከወዲሁ ያስቀራል።