ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና የደላንታ የጓያ ጥናት

ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ኢትዮጵያዊ ሐኪምና ተመራማሪ ናቸው። ውጭ አገር ስማቸው የሚነሳው በቲቢና በኤችአይቪ ሥራቸው ነው። ወሎ ውስጥ ግን መነሳት ያለበት የጓያ ጥናታቸው ይመስለኛል።

ጓያ ድርቅ ይችላል። ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ማሳ ላይ ይገኛል። ጣጣው ነርቭ የሚጎዳ ኦዳፕ የተባለ ንጥረ ነገር መያዙ ነው። ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግር ይገትራል። የታመመው ሰው አእምሮው ደህና ሆኖ፣ በእግሩ ጣቶች እየቆመ በምርኩዝ ይሄዳል። የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ቀደም ሲል በደምብያና በፎገራ በሽታውን ያጠኑት የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ሲመታ ደላንታ ዳውንት ላይ ወረርሽኝ ተነሳ። ያኔ አንድ ወረዳ ነበር፤ ዛሬ ደላንታ በደቡብ ወሎ፣ ዳውንት በሰሜን ወሎ ነው። ከ2,000 በላይ ሰው ተጎዳ። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ከፕሮፌሰር ረዳና ከቤልጂየሙ ተመራማሪ ፈርናንድ ላምባይን ጋር ሆነው ጉዳዩን በ1999 ላንሴት በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት አወጡት። የደላንታ ገበሬ ችግር እዚያ ገጽ ላይ መድረሱ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የመጡት ጥናቶች ይበልጥ ይጠቅማሉ። በ2002 የታተመው፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆነ ወንድ ልጅ ያለበት ቤት ይበልጥ እንደሚጋለጥ አሳየ። ጓያን በሸክላ ድስት ብቻ ማብሰልም ከበሽታው ጋር ተያይዞ ተገኘ። ጥፋቱ የሸክላው ይሁን የድህነቱ ግን አከራካሪ ነው። ወንዶቹ ልጆች የበዙት ምናልባት በእረኝነት ውለው እሸቱን ስለሚበሉ ይሆናል።

የ2003ቱ ጥናት ወደ ጓዳ ገባ። ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ አደጋውን ይጨምራሉ። እንጀራው፣ ቂጣውና ወጡ እንደዚያ አይደሉም። ጓያን ከሌላ እህል መቀላቀል ደግሞ አደጋውን ይቀንሳል። ስለዚህ በረሃብ ጊዜ የእርዳታ ስንዴ ቶሎ መድረሱ እግርም ያተርፋል ማለት ነው። ይህን ማንኛዋም የደላንታ እናት ትረዳዋለች።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ወደ ዓለም ጤና ድርጅት ሄዱ። በ2011 ሳል፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የሌሊት ላብን በመጠየቅ ኤችአይቪ ያለበትን ሰው ለቲቢ የመለየት ዘዴን ያወጣውን ጥናት መሩ። ኋላም ጀርሞች መድኃኒትን መላመዳቸውን የሚመለከተውን የድርጅቱን ክፍል በዳይሬክተርነት መርተዋል።