ከበዓሉ ማግስት የሚቀር ደስታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፥ ጎንደር በዓል ማክበርን ከማንም የምትማር ከተማ አይደለችም። ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው፥ በካህናቱ ዝማሬና በሕዝቡ እልልታ ታጅበው፥ ወደ ዐፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። ጥር 11 ማለዳ ከቀሃ ወንዝ የተሞላው ውኃ ሲባረክ ወጣቱ ብርዱን ረስቶ ይገባበታል፤ ጥር 12 ደግሞ በቃና ዘገሊላ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ይመለሳል። ጥር 13 ግን ሥራ ነው። በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ የተረገጠው ሎሚና የፕላስቲኩ ጠርሙስ ይጠረጋል፥ እንግዳው ወደ መናኸሪያ ይሸኛል፥ ለድግስ የተበደርነውም ገንዘብ መታሰብ ይጀምራል። (በየወሩ በ13 እግዚአብሔር አብን እንደምንዘክር አልዘነጋሁም፤ የምናገረው ስለ ሥራው ቀን ነው።) በሦስቱ ቀናት የፈነደቀ ልብ በአራተኛው ቀን ባዶ ሆኖ ከተገኘ፥ ደስታችን በእግዚአብሔር ነበረ ወይስ በግርግሩ ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

መልሱ በዚያው በጥር 12 በሚነበበው ወንጌል ውስጥ ይገኛል። ጌታ በቃና ውኃውን የወይን ጠጅ ያደረገበት ተአምር የተፈጸመው የካቲት 23 ቀን እንደ ሆነ፥ ነገር ግን የውኃውን በዓል ከውኃው በዓል ጋር ለማክበር ከጥምቀት ማግስት እንደ ተደረገ አባቶች ያስተምሩናል። የቃና ሰርግ ደስታ በመካከሉ ያለቀበት ሰርግ ነው። የወይን ጠጁ ሲያልቅ ጉድለቱን አስቀድማ ያየችው እመቤታችን «የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም» ብላ ለልጅዋ ነገረችው፤ ለአገልጋዮቹም «የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ» አለቻቸው። ጌታም ያዘዛቸው ከባድና ተራ የሆነ ሥራን ነበር። እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት እንስራ የሚይዙ ስድስት የድንጋይ ጋኖች ውኃ እንዲሞሉ አዘዘ፤ እነርሱም እስከ አፋቸው ሞሉአቸው። ይህ ከ12 እስከ 18 እንስራ መሆኑ ነው። ሰርጉ እየተካሄደ፥ ሌላው ተቀምጦ ሲበላ፥ እነዚህ ሰዎች ውኃ ሲያመላልሱ ነበር። ውኃ በመጣ ሌሊት ከእንቅልፍዋ ተነሥታ ጀሪካኖቿን በቧንቧው ሥር የምትደረድር፥ አንዱ ሲሞላ ሌላውን የምትተካ፥ ጎህ ሳይቀድ ደግሞ ቡሖዋን ወደ ማየት የምትሄድ እኅት የዚያን ሥራ ክብደት ማንም ሳይተረጉምላት ታውቀዋለች።

ቅዱስ ዮሐንስ ቀጥሎ የጻፈውን ቃል ብዙ ጊዜ ፈጥነን እናልፈዋለን። የሰርጉ አሳዳሪ ወይን የሆነውን ውኃ ቀምሶ ከወዴት እንደ መጣ አላወቀም፤ «ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ያውቁ ነበር» (ዮሐ. 2፥9)። አሳዳሪው ጣዕሙን አደነቀ፥ እንግዶቹም ጠጡ፤ የወይኑን ጌታ በሥራው ላይ ያዩት ግን እንስራ የተሸከሙት ናቸው። ያም የወይን ጠጅ ቢሆን ተጠጥቶ ማለቁ አይቀርም። ያላለቀው፥ በዚያች ሰዓት በልባቸው የገባው ዕውቀትና ደቀ መዛሙርቱ በእርሱ ያመኑት እምነት ነው። ስለዚህ የጸና ደስታ የሚፈልግ ክርስቲያን የበዓል ቀን እስኪመጣ ድረስ አይጠብቅም፤ ጌታ በሚያዝዘው የዕለት ሥራ ውስጥ፥ ማንም በማያየው ድካም ውስጥ፥ አብሮት የሚሠራውን አምላክ ይፈልጋል። በቅዳሜ ገበያ ሚዛኑን ሳያጎድል ጤፍ የሚሰፍር ነጋዴ፥ በሽተኛ እናቱን የሚያገላብጥ ልጅ፥ የዜማው መጽሐፍ የድጓ ቃል አልያዝ ብሎት ሌሊቱን የሚደግም የአብነት ተማሪ፥ ሁሉም ጋን በመሙላት ላይ ናቸው።

ይህን ስል ግን አንዳንዶች የሚያስተምሩትን፥ ያዘነ ሰው እምነት የጎደለው ነው የሚለውን ቃል አልቀበልም፤ ቃሉ ጭካኔ አለበትና። በእነዚህ ዓመታት በአካባቢያችን ብዙ ልቅሶ ተቀምጠናል፤ ደስ ይበላችሁ የሚለው ትእዛዝ ወደ ልቅሶ ቤት ሲገባ ጫማውን አውልቆ መግባት አለበት። «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ቅዱስ ጳውሎስ እስረኛ ነበር። በዚያችው አጭር መልእክት ውስጥ ስለ ሌሎች ሲናገር «እያለቀስሁ እላለሁ» ይላል (3፥18)፤ አብሮት የሚሠራው አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ በነበረ ጊዜም እግዚአብሔር የማረው «በኀዘን ላይ ኀዘን እንዳይጨመርብኝ» ነው ይላል (2፥27)። እንግዲህ ሐዋርያው እንባንና ደስታን በአንድ ልብ ይዞ ነበር። ነቢዩ ዕንባቆምም በለስ ባታፈራ፥ በጎች ከበረት ቢጠፉ፥ ላሞች በጋጥ ባይገኙ፥ «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» ሲል የጠፋውን አንድ በአንድ ቆጥሮ እንጂ እንዳልጠፋ አስመስሎ አይደለም። ጌታችን «ደስታችሁንም የሚወስድባችሁ የለም» ያለው ደቀ መዛሙርቱ እንደሚያለቅሱ አስቀድሞ ነግሮአቸው ነው። ኀዘኑ እንቅልፍና ምግብ እስከ መከልከል የደረሰበት ሰው የንስሐ አባቱንም ሐኪምንም ያማክር፤ ወንጌሉን ከጻፉልን አንዱ ቅዱስ ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበርና ሕክምና መሻት ከእምነት መጉደል አይቈጠርም።

ደስታን ከኀዘን ይልቅ አብዝቶ የሚያጠፋው ኃጢአት ነው። ቅዱስ ዳዊት ከወደቀ በኋላ «የማዳንህን ደስታ ስጠኝ» ብሎ የለመነው ዙፋኑ ስላልነበረው አይደለም፤ ቤተ መንግሥቱም ሠራዊቱም በእጁ ነበሩ። ንስሐን ለፋሲካ ሳምንት እያቈየን፥ በደስታ መጥፋት ግን ዓመቱን ሙሉ የምናማርር ብዙዎች ነን።

ለዕለት ተዕለቱ ኑሮ ቤተ ክርስቲያን የሰጠችን ሥርዓት አለ። በቅዳሴያችን ጸሎተ አኰቴት እግዚአብሔርን የምናመሰግነው ስለ ጋረደን፥ ስለ ረዳን፥ ስለ ጠበቀን፥ እስከዚህችም ሰዓት ስላደረሰን ነው። ምስጋናው ዝርዝር አለው። በቤታችንም በማለዳ እንዲሁ ብናደርግ፥ ማለትም «ተመስገን» ብሎ በአፍ ከማለፍ ይልቅ በትናንቱ ቀን የተደረገልንን በስሙ ጠርተን ብናመሰግን፥ ዐይናችን ጌታ የሠራበትን ቦታ ማየት ይለምዳል። መጀመሪያ ላይ የሚጠራ ነገር ያጥረናል፤ ያ የሚያሳየው የመመልከት ልምዳችን ትንሽ መሆኑን ነው።

ሌላው ሥርዓት በነህምያ መጽሐፍ ተጽፎአል። «የእግዚአብሔር ደስታ ኃይላችሁ ነው» የሚለውን ጥቅስ በየመኪናው መስታወት ላይ ለጥፈነዋል፤ በዚያው ቍጥር ላይ ያለውን፥ ምንም ላልተዘጋጀላቸው ዕድል ፈንታቸውን እንዲልኩ የታዘዘውን ክፍል ግን ቈርጠን ትተነዋል (ነህ. 8፥10)። በብድር ድግስ ደግሶ ጎረቤትን ከማስደነቅ፥ ከማዕዱ ጥቂቱን ቀንሶ ተፈናቅሎ ለመጣው ቤተሰብ ወይም ባሏ ለሞተባት ጎረቤት መላክ ይሻላል። እንጀራውን ልጅ ይዞት አይሂድ፤ ራሳችን እናድርሰው፤ ቡና ካፈሉም ተቀምጠን እንጠጣ።