«ቆይቶ ይመዘዛል»፦ ስለ ወንዶች ቁመት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መስከረም ሲጠባ፣ ለዩኒፎርም ፒያሳ ወይም መርካቶ የወጣ ወላጅ ሁለት ነገር ያስተውላል። ልጁ ከእኩዮቹ አጠገብ ሲቆም ያጥራል፤ ይህ ያስጨንቀዋል። የአምናው ሱሪ ደግሞ ዘንድሮም ልኩ ነው፤ በዚህኛው ወጪ ቀረልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ሐኪም ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሱሪው ነው። ከቁመቱ ቁጥር ይልቅ ልጁ በዓመት ስንት ሴንቲ ሜትር ጨመረ የሚለው ብዙ ይናገራል።

«ወንድ ልጅ 1 ሜትር ከ75 ካልሞላ አጭር ነው»

አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ሰንጠረዥ የ19 ዓመት ወንድ መካከለኛ ቁመት 176.5 ሴ.ሜ. ነው። በሕክምና «አጭር» የሚባለው ግን ከ162 ሴ.ሜ. ገደማ በታች ሲሆን ነው። ለ10 ዓመት ልጅ ወሰኑ 125 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። ከወሰኑ በታች መሆንም በራሱ በሽታ አይደለም፤ መስመሩ ሲሰመር ከ100 ልጆች ሁለት ያህሉ ከሥሩ እንደሚውሉ ታውቆ ነው። በአትላንታና በሲድኒ ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀው ኃይሌ ገብረሥላሴ ቁመቱ 1.65 ሜትር ገደማ ነው።

«አባቱም አጭር ነው፤ ከዘር የመጣ ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ለወንድ ልጅ የሚጠበቀው ቁመት እንዲህ ይሰላል፦ የአባትና የእናት ቁመት ይደመራል፣ 13 ይጨመርበታል፣ ለሁለት ይካፈላል። አባት 166፣ እናት 156 ቢሆኑ ውጤቱ 167.5 ሴ.ሜ. ነው። ከዚህ 8.5 ሴ.ሜ. ወደ ላይም ወደ ታችም ሊል ስለሚችል፣ ልጁ ከ159 እስከ 176 ባለው ውስጥ ቢያርፍ የቤተሰቡን መንገድ ተከትሏል ማለት ነው።

ስሌቱ የሚያታልልበት ጊዜ ግን አለ። ወላጆቹ ራሳቸው በልጅነታቸው በምግብ እጥረት ቀንጭረው ከሆነ ቁመታቸው ዘራቸውን በትክክል አያሳይም። ይህ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በሌላ በኩል፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ የአጥንት ሕመሞችም አሉ። የአባትየው እጅና እግር ከሰውነቱ ግንድ ጋር ሲነጻጸር በጣም አጭር ከሆነ «ከዘር ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

«ቆይቶ ይመዘዛል»

ብዙ ልጅ የሚጎዳው በዚህ አባባል ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ስለሚሆን፣ እውነት ያልሆነበት ቀን ሳይታወቅ ያልፋል።

ዘግይቶ የሚመዘዝ ልጅ ምልክቶች አሉት። አባቱ ወይም አጎቱ ከእኩዮቹ ዘግይቶ የጎረመሰ ነው፣ ወይም እናቱ የወር አበባ ያየችው ዘግይታ ነው። የግራ እጁ ራጅ ሲነሳ አጥንቱ ከዕድሜው ወደኋላ ይቀራል፤ ልጁ 14 ሆኖ አጥንቱ የ12 ዓመት ልጅ ሊመስል ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን ቀስ እያለም ቢሆን ያድጋል። ከ5 ዓመት እስከ ጉርምስና በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴ.ሜ. መጨመር ደንበኛ ነው። ከ4 በታች ከወረደ «ይመዘዛል» ማለቱ ይቅርና ሐኪም ጋ ይኬድ።

ወላጅ የጉርምስና ምልክት ብሎ የሚጠብቀው ጢምና የድምፅ መጎርነን ነው። ሁለቱም ዘግይተው የሚመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ምልክት የዘር ፍሬ መተለቅ ሲሆን፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። 14 ሞልቶት ይህ ካልታየ መመርመር አለበት። በጉርምስናው አጋማሽ ልጁ በዓመት 9 ወይም 10 ሴ.ሜ. ይጨምራል፤ ከዚያ በአጥንቱ ጫፍ ያለው ለስላሳ ማደጊያ ቦታ እየጠነከረ ይዘጋል። የአጥንቱ ዕድሜ 16 ወይም 17 ከደረሰ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። «ወንድ እስከ 25 ያድጋል» እየተባለ ሲጠበቅ የሕክምናው ጊዜ ያልፋል።

ስለዚህ ልኬቱ ቤት ውስጥ ይጀመር። ከግርጌው ወጣ ያለ ጠርዝ የሌለው ግድግዳ ይመረጥ። ልጁ ባዶ እግሩን ይቁም፤ ተረከዙ፣ መቀመጫውና ትከሻው ግድግዳውን ይንኩ፣ ጉልበቱ አይታጠፍ፣ ዓይኑ ፊት ለፊት ይይ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አንዱ ጠርዙ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አናቱ ላይ ይጫን፤ ከሥሩ በእርሳስ ይሰመር። በብረት ሜትር ይለካ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ሲቆይ ይለጠጣል። ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ከነቀኑ ይጻፍ። ማታ ላይ የጀርባ አጥንት ዲስኮች ስለሚጫኑ ቁመት 1 ሴ.ሜ. ገደማ ይቀንሳልና ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። በየወሩ መለካት አይጠቅምም፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የልኬት ስህተት የአንድ ወር ዕድገትን ይውጠዋል። በየ6 ወሩ ይበቃል። ባለፈው መስከረም 131 የነበረ ልጅ ዘንድሮ 134 ከሆነ ያቺን ወረቀት ይዞ መሄድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አይደበቅ። ትምህርት ቤት ለማስገባት ዕድሜው ከፍ ተደርጎ የተመዘገበ ልጅ በሰንጠረዡ ላይ ያለ ስሙ አጭር ይሆናል። ለሐኪሙ እውነተኛው የልደት ቀን ይነገር።

«ስለማይበላ ነው፤ ይብላ እንጂ ይረዝማል»

ክብደቱን እዩት። ከስቶ ያጠረ ልጅ ላይ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የምግብ እጥረት፣ የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የኩላሊት ወይም ሌላ የቆየ ሕመም ነው። ቁመቱ ቆሞ ክብደቱ የሚጨምር ልጅ ግን ሆርሞን ይጠረጠራል፦ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን ማነስ (ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ይደክመዋል) ወይም የዕድገት ሆርሞን እጥረት። ይህን ልጅ ገንፎ ማብዛት አያስረዝመውም። የራስ ምታት ከጠዋት ትውከት ወይም ከዕይታ መዳከም ጋር፣ ወይም ከልክ ያለፈ ጥምና ሽንት ካለ ስድስት ወር አይጠበቅም፤ በዚያው ሳምንት ይታይ። ለማወፈር ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒትም ፊትን ሞልቶ ቁመትን ያቆማል።

በመጀመሪያው ጉብኝት የሚታዘዙት የደም ቆጠራ፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራ፣ ሰገራና ሽንት፣ የእጅ ራጅ ናቸው። የዕድገት ሆርሞንን በአንድ የደም ናሙና ብቻ መለካት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሆርሞኑ በብዛት የሚለቀቀው በእንቅልፍ በመሆኑ ጤነኛ ልጅም ቀን ላይ ዝቅተኛ ሊያሳይ ይችላል። ከጤና ጣቢያ ወይም ከሕፃናት ሐኪም ሪፈር ከተጻፈ ጥቁር አንበሳ የልጆች ሆርሞን ክትትል አለ።

«ባር ላይ መንጠልጠል፣ ቅርጫት ኳስ፣ የቁመት ኪኒን ያስረዝማሉ»

ቅርጫት ኳስ ተጫዋች የረዘመው በጨዋታው አይደለም፤ የተመረጠው ረጅም ስለሆነ ነው። ማደጊያው ቦታ ከተዘጋ የሚያስረዝም ኪኒንም ሆነ መንጠልጠል የለም። አደገኛው ግን በጂም ለታዳጊ የሚሰጥ የቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) መርፌ ነው፤ ለጥቂት ወራት ያስመዘዘ ይመስላል፣ ነገር ግን በሰውነት ውስጥ ወደ ኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ስለሚለወጥ አጥንቱን ቀድሞ ይዘጋዋል።

«የአስም ፓፍ ያሳጥራል፤ ይቁም»

በረጅም ጊዜ የሚያመጣው ልዩነት 1 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። ያልታከመ አስም ከዚህ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። አይቁም።

«የዕድገት ሆርሞን ማንንም ያስረዝማል»

ብዙውን ጊዜ በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ውድ መድኃኒት ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ መብራት ሲጠፋ የት እንደሚያድር አስቀድሞ መታሰብ አለበት። እጥረቱ ለተረጋገጠ ልጅ ሕይወት ይለውጣል። ለ22 ዓመት ወጣት ግን አንድ ሴንቲ ሜትር አይጨምርም። ለአዋቂ የቀረው እግር የማስረዘም ቀዶ ሕክምና ነው፦ አጥንቱ ተቆርጦ በተሰኩበት ብረቶች በቀን 1 ሚሊ ሜትር እየተሳበ፣ 5 ሴ.ሜ. ለማግኘት 50 ቀን፣ ከዚያ አጥንቱ እስኪጠነክር ተጨማሪ ወራት። በብረቶቹ ዙሪያ ኢንፌክሽን፣ የመገጣጠሚያ መድረቅና የነርቭ ጉዳት ያጋጥማል። ለመልክ ብቻ ሲባል አንመክረውም።

«ለአዋቂ ወንድ ቁመት የሕክምና ጉዳይ አይደለም»

አጭር ሆኖ ጤነኛ የሆነ ሰው የሚታከም ነገር የለውም። ቁመቱ የቀነሰ ሰው ግን አለው። ከወጣትነቱ 4 ሴ.ሜ. ወይም ከዚያ በላይ ያጠረ ሰው የጀርባ አጥንቱ ሳስቶ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ወጣት ሆኖ የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለበት፣ ጀርባውም መጉበጥ ከጀመረ፣ የአከርካሪ ቲቢ እንዳይሆን በዚያው ሳምንት የጀርባ ራጅ ይነሳ፤ እግሩ መዛል ከጀመረ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግባ።