ሴፍጋርዲንግ ምንድን ነው? «ሶሻል ጠሩብኝ» ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን እንግሊዝ አገር ላሉ ወላጆች ምክር ሲሰጥ ሰማሁት። «ልጃችሁ ትምህርት ቤት አንድ ቃል ካመለጠው፣ ሴፍጋርዲንግ መጥቶ ይወስደዋል» ይላል። መኪና ይዞ የሚዞር ሰው አስመሰለው እኮ! እኔ ይህን ሥራ ለንደን ውስጥ ትምህርት ቤት ስለምሠራ፣ እንዲህ ያለውን ወሬ ሰምቶ ማለፍ አቅቶኛል።

ሴፍጋርዲንግ ልጅ ላይ ጉዳት እንዳይደርስ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ነው። የሠራተኛን የወንጀል መዝገብ ከማጣራት ጀምሮ እንግዳን በር ላይ እስከማስፈረም ድረስ። እሱ ላይ ማንም አይጣላም። ጠቡ መምህሯ ልጁ ላይ የሚያሳስብ ነገር ስታይ የምትጽፋት ማስታወሻ ላይ ነው። ወላጅ ክስ አድርጎ ያያታል።

የቆርቆሮ ቤት አስቡ። ኮርኒሱ ላይ እርጥብ ነገር ታየ። ያየው ሰው «ጣሪያው ተቀዷል» አላለም፤ የትና መቼ እንዳየ ብቻ ጻፈ። የመምህሯ ማስታወሻም እንዲሁ ናት። የሒሳብ መምህሩ የቤቱን አንድ ክፍል ነው የሚያየው፣ ምሳ የምታድለው ሌላውን። ሁሉንም አንድ ላይ የሚያየው የትምህርት ቤቱ የሴፍጋርዲንግ ኃላፊ ነው። ውሃ ደግሞ በማገሩ ሄዶ ከቀዳዳው ርቆ ይንጠባጠባል። ስፖርት ላይ ልብስ አልቀይርም ብሎ የሚጣላ ልጅ ችግሩ ስፖርቱ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለም፤ ከድስቱ በወጣ እንፋሎት ቆርቆሮው አልቦት ነው። ለምሳሌ እናት የሌሊት ፈረቃ ጀምራ ልጁ አምሽቶ እየተኛ ነው። ስልክ ይደወላል፣ ትምህርት ቤት ቁርስ እንዲበላ ይመቻችለታል፣ በዚያው ያልቃል።

«ታዲያ መምህሯ ራሷ ለምን አታጣራም?» ይላል ወንድማችን። አይፈቀድላትማ! «አባትህ ነው የመታህ?» ካለችው መልሱን ራሷ ነገረችው ማለት ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የልጁ ቃል ይበላሻል፤ አባትየው ንጹሕ ቢሆን እንኳ የሚጎዳው እሱ ነው። «እስኪ ንገረኝ» ብላ ያለውን በራሱ ቃል ትጽፋለች። ለማንም አልናገርም ብላ ቃል መግባትም አትችልም።

ልጅ መውሰዱስ? ትምህርት ቤት ያ ሥልጣን የለውም። ሶሻል ዎርከርም (ሰው «ሶሻል» የሚለው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ) የወላጅ ፈቃድ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ፖሊስ ብቻ፣ አጣዳፊ አደጋ ካለ፣ ቢበዛ 72 ሰዓት ልጁን ማቆየት ይችላል። ጉዳዩ ወደ ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ከመላኩ በፊትም አብዛኛውን ጊዜ ለወላጅ ይነገራል፤ መንገሩ ልጁን አደጋ ላይ ይጥላል ተብሎ ካልተሠጋ በቀር። ትምህርት ቤቶች የሚልኩት ደብዳቤ ግን ሰው እንደሚያስደነግጥ አልክድም። አንዳንዱ መጥሪያ ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ይለያል፤ የሴት ልጅ ግርዛት። ከ18 ዓመት በታች ያለች ተማሪ ራሷ «ተገርዣለሁ» ብላ ከነገረቻት፣ በእንግሊዝና በዌልስ መምህሯ ራሷ ለፖሊስ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባት። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ እንዲህ ነው።

ሌላም የእኛን ሰው የሚመለከት አለ። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የቅርብ ዘመዱ ካልሆነ ሰው ጋር ለ28 ቀንና ከዚያ በላይ የሚኖር ከሆነ ካውንስሉ ማወቅ አለበት። እኛ አክስት የምንላት ሁሉ በሕጉ አክስት አይደለችም፤ የአክስት ልጅም ቅርብ ዘመድ ተብሎ አይቆጠርም። ከኮትዲቯር የመጣችው ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ውስጥ በ8 ዓመቷ ስትሞት የምትኖረው እንዲህ በሕጉ ቅርብ ከማትባል ዘመድ ጋር ነበር። ሐኪምም፣ ፖሊስም፣ ሶሻል ዎርከርም ጉዳይዋን ያውቁ ነበር። የሚያውቁትን ግን ማንም አንድ ላይ አላመጣውም። እንግሊዝ ከገባች ወዲህ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ በየቀኑ የሚያያት መምህር አልነበራትም።

ትምህርት ቤት ከጠራችሁ ሂዱ፤ ምን እንደተጻፈ ጠይቁ። ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት። የመጣው አስተርጓሚ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚያውቃችሁ ሰው ከሆነ፣ ሌላ በስልክ ይደወልልን ማለት ትችላላችሁ።