«በህግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ህግ የሄደች ጭብጦዬ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንዳንዱ በህግ ሳይሆን በፍርድ ይላል፣ መጨረሻዋንም ታሳዝነኛለች፣ ትቆጨኛለች፣ ታንገበግበኛለች እያለ እንደየአገሩ ይቀያይራታል፣ ሀሳቡ ግን ያው ነው፦ ዳኛ ፊት ተሟግቼ ተረትቼ በቅሎዬን ባጣ እችለዋለሁ፣ አንዱ ጉልበተኛ ከስልቻዬ ጭብጦዬን መንትፎ ሲሄድ ግን ያንገበግበኛል። በቅሎ ያኔ የመኳንንት መኪና በሏት፣ ጭብጦ ደግሞ በእጅ ተጨብጣ የምትጋገር የመንገደኛ ስንቅ ናት፣ ሁለቴ ጎርሰዋት የምታልቅ።

በቅሎዋ እንዲሁ ለቤት መምቻ የገባች አይመስለኝም። ድሮ ሙግት ላይ ተሟጋቾቹ ይወራረዱ ነበር፣ አንዱ እሰጥ ሲል ሌላው አገባ እያለ ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ ምናምን ይመደባል፣ «እሰጥ አገባ» የምንለውም ከዛ የመጣ ነው። የተረታው እያረረም ቢሆን ይከፍላል።

ግን ተረቷን «ህግ ካለ ዝም ብለህ ተገዛ» ለማለት ሲጠቀሙባት አልስማማም (ለሱማ «ሰማይ አይታረስ ንጉስ አይከሰስ» አለ አይደል)። ጭብጦህን የሚነጥቅህ ራሱ ህጉ ከሆነስ? እዚህ ጋር ሁሌ ትዝ የሚለኝ ጋንዲ ነው። እንግሊዞች ህንድ ውስጥ ጨው በመንግስት እጅ ብቻ እንዲሆን አድርገው ታክስ ጭነውበት ነበር፣ ደሀው ባህሩ ዳር እየኖረ ፀሀይ ያደረቀውን ጨው ቢያነሳ ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ጋንዲ መጀመሪያ ለእንደራሴው ለሎርድ ኧርዊን ህጋችሁን ልጥስ ነው ብሎ ደብዳቤ ፃፈለት (ተደብቆ አይደለም እኮ!)፣ ከዛ ማርች 12 ከሚኖርበት ከሳባርማቲ ተነስቶ 24 ቀን በእግሩ ተጉዞ ኤፕሪል 6 ዳንዲ የባህር ዳርቻ ላይ ጭቃ የተቀላቀለበት ጨው ዘግኖ አነሳ። ከዛ በኋላ ከ60 ሺ ሰው በላይ ታሰረ።

ቀደም ብሎም በ1922 አህመዳባድ ላይ በፃፋቸው ፅሁፎች ተከሶ ሲቀርብ ጥፋተኛ ነኝ አለ፣ ጭራሽ ዳኛውን ወይ ስራህን ልቀቅ ወይ ከባዱን ቅጣት ስጠኝ አለው፣ ስድስት አመት ተፈረደበት። ተረቷ በደንብ የገባችኝ እዚህ ላይ ነው፣ ጭብጦዬን አልሰጥም ያለው ሰውዬ በቅሎውን ራሱ ጎትቶ ለዳኛው አስረከበ። ታክስ የሚያጭበረብር ሰውም ህግ ይጥሳል ግን እሱ ዳኛ ፊት ላለመቆም ነው የሚለፋው፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚጨፈልቅ ሰው ያናድደኛል።

የጨው ህጉ ግን በዛው አልተሻረም፣ በ1931 ከኧርዊን ጋር ሲስማሙ ጨው ባለበት አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ለራሳቸው የሚሆን እንዲሰሩ ተፈቀደ እንጂ ታክሱ ያኔም ቀጠለ።